ማገዶዋን የጨረሰች ከተማ
(ከየካ ሚካኤል እስከ እንጦጦ የተደረገ የሁለት ቀን ጉዞ)

ማዕድን የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ወርቅን፣ ብርን፣ ብረትንና እነዚህን የመሳሰሉትን ነው። ነገሩ ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ ሰው ከተፈጥሮ ወስዶ ሳይተካ የሚበላው ሀብት ሁሉ፣ ወርቅም ይሁን ሌላ፣ ዞሮ ዞሮ አንድ ዓይነት ፍጻሜ እንዳለው እኔ የተረዳሁት በዘንድሮው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት በእንጦጦ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት በብርድ ከተንቀጠቀጥሁ በኋላ ነው። ያየሁትንና የተማርሁትን ለመጽሔታችን አንባብያን እንደሚከተለው ለማቅረብ እወዳለሁ።

የጉዞው ምክንያት

የጉዞው ሐሳብ የተነሣው በክፍል ውስጥ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ማዕድን ከተሞች ሲያስረዱን የአገራችንን ዳሎልን በምሳሌነት አነሡ። ዳሎል በአፋር በረሓ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ስፍራ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለማዳበሪያ የሚያገለግለውን ፖታሽ የተባለ ጨው እዚያ ማውጣት ተጀመረ፤ በ1910 ዓ.ም. ደግሞ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነሥቶ እስከ አካባቢው የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ተሠራ። የሰፈሩ ቤቶች የተሠሩት እዚያው ከተጠረበ ጨው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሰው ይኖርባቸው ከነበሩ ስፍራዎች ሁሉ የበለጠ ሞቃት ተብሎ ተመዘገበ። ሥራው ሲቆም ሰዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የቀሩት የፈራረሱ የጨው ግድግዳዎችና የዛጉ ብረታ ብረቶች ብቻ ናቸው።

መምህራችን በዚህ ሳይወሰኑ በናሚቢያ በረሓ ስለምትገኘው ስለ ኮልማንስኮፕም ነገሩን። በዚያ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1908 አልማዝ ተገኘና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና የመደነሻ አዳራሽ ያላት ከተማ በአሸዋ ላይ ተቈረቈረች። አልማዙ ሲመነምን ነዋሪዎቿ እየተመናመኑ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1956 ባዶዋን ቀረች። ዛሬ አሸዋው በበሩ ገብቶ በየክፍሉ ተኝቷል።

ይህን ስንሰማ «ዳሎልን ሄደን እንይ!» ብለን በአንድ ድምፅ ጮኽን። መምህራችን ፈገግ አሉና «ዳሎል ሩቅ ነው፤ ሙቀቱም ለእናንተ አይሆንም። ሀብቷ አልቆባት የተተወች ከተማ ለማየት ከፈለጋችሁ ግን በመስኮቱ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ» አሉን። ቀና ብለን ስናይ የታየን የእንጦጦ ተራራ ነበር። «በእንጦጦ ላይ ደግሞ ምን ይወጣ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «እሱን እዚያው ሄደን እናንተው ትነግሩኛላችሁ» ብለው ነገሩን በዚሁ ዘጉት።

ከዚህ በኋላ ዘጠኝ ተማሪዎች ከመምህራችን ጋር ሆነን ለመሄድ ተስማማን። ሁለት ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሽሮ፣ እንጀራ፣ በሶና ቆሎ አዘጋጀን። መምህራችን አንድ ሸክም ማገዶ ከገበያ ካስገዙ በኋላ «ይህ ለራትና ለቁርስ ይበቃል። አጠቃቀሙን እናንተ ዕወቁበት» አሉን። በዚያን ሰዓት ይህን ቃል ከቁም ነገር የቈጠረው አልነበረም።

ዋሻ ሚካኤል

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰብስበን ሽቅብ ወደ ተራራው ወጣን። ሸክሙን እየተቀባበልን፣ በየመንገዱ እያረፍን ከብዙ ድካም በኋላ ከባሕር ዛፍ መካከል ከተሸሸገው ከዋሻ ሚካኤል ደረስን። ዋሻ ሚካኤል ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአካባቢው ትውፊት ሥራውን እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፣ በመካከለኛው ዘመን እንደ ተሠራ ያስባሉ። ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ስለ ላሊበላ ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ያውቃሉ፤ በገዛ ከተማቸው ራስጌ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔም ከማያውቁት አንዱ ነበርሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ጥቂት ልግለጽልህ። የተለመደው ቤት ከመሠረት ተጀምሮ ወደ ላይ ያድጋል። ከዐለት የሚፈለፈል ቤት ግን ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ጠራቢዎቹ በመጀመሪያ ዐለቱን እንደ ጕድጓድ እየቈፈሩ የውጭውን ግድግዳ ያወጣሉ። ቀጥሎም በሩንና መስኮቱን ፈልፍለው በዚያው ገብተው ውስጡን ይቦረቡራሉ። በዚህ ሥራ ዐምድ አይተከልም፤ ዐምድ የሚሆነው ሳይነካ የቀረው ዐለት ነው። ጣሪያም አይከደንም፤ ጣሪያ የሚሆነው ከላይ ያልተነካው ነው። ስለዚህ ሠራተኛው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት የሚያስቀረውን ሁሉ በሐሳቡ ጨርሶ ማየት አለበት። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ያስቀምጣል። ጠራቢ ቢሳሳት ግን የተመታው ድንጋይ ተመልሶ አይገጠምም።

መምህራችን በዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልን ዘንድ ጠየቁን። «የማዕድን ሠራተኛም ዐለት ይቈፍራል፤ እነዚህም ቈፈሩ። ልዩነቱ ምንድር ነው?» አሉ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ከመካከላችን አንዷ ልጅ «የማዕድን ሰው የሚፈልገው የወጣውን ድንጋይ ስለሆነ ጕድጓዱን ጥሎት ይሄዳል። እነዚህ ግን የወጣውን ድንጋይ ጥለው የያዙት ጕድጓዱን ነው» ብላ መለሰች። ሁላችንም በመልሱ ተደሰትን።

ከደስታችን ጋር ግን ኀዘንም ነበረን። ጣሪያው ሙሉ አይደለም። ዐለቱ የእሳተ ገሞራ ዐለት ሆኖ ለመዶሻ እንደ ተመቸ ሁሉ ለውኃም የተመቸ ነው። ዝናም በየስንጥቁ ይገባል፤ የዛፍ ሥርም ውኃውን ተከትሎ ገብቶ ስንጥቁን ያሰፋዋል። መቶ ሰው ብዙ ዓመት የደከመበትን አንድ የዛፍ ሥር ዝም ብሎ ያፈርሰዋል። መምህራችን ግድግዳውን እንዳንደገፍና ስማችንን እንዳንጭርበት አስጠንቅቀውን፣ ተሳልመን ወጣን።

በተራራ ላይ ያደርንባት ሌሊት

ከዋሻ ሚካኤል ተነሥተን በተራራው ጀርባ ወደ ምዕራብ ስንጓዝ ውለን፣ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ደረስን። መምህራችን ፈቃድ ቢጠይቋቸው «መሬቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ከብቱ በማይደርስበት በኩል ስፈሩ» ብለው ከግጦሹ ዳር ቦታ አሳዩን። ድንኳናችንን ተከልን፤ ሽሯችንን ሠርተን በላን።

ራት ከበላን በኋላ የሆነውን ስጽፍ አፍራለሁ። እሳቱ ደስ አለን። ዘፈን ተጀመረ፤ ጭፈራ ተከተለ። ነበልባሉ ከፍ ባለ ቍጥር እልልታው ከፍ ይል ነበር፤ እያንዳንዳችንም እንጨት እየጨመርን ነበልባሉን ለማስበለጥ ተፎካከርን። የመጨረሻውን ጕማጅ የጣልሁት እኔ ነበርሁ። የጣልሁትም ለሙቀት አልነበረም፤ ለጨዋታ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን የቀረን ፍም ብቻ ሆነ።

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል ወደ 3,200 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በጥር ወር ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ መሬት በቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት የሚይዝላት ደመና የለም። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብርዱ ከድንኳኑ ሸራ አልፎ፣ ከብርድ ልብሱ አልፎ አጥንታችን ገባ። ጅብ ከሸለቆው ይጮኻል። ከሁላችን በዕድሜ የሚያንሰው ጓደኛችን ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ፤ ቈይቶም ስናነጋግረው ቃሉ እየተጣመመ መልስ መስጠት አቃተው። በዚህ ጊዜ ፈራን። መምህራችን ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱትና ከመካከላችን አስተኛነው።

እኔ የመጨረሻው ጕማጅ ትዝ እያለኝ መተኛት አቃተኝ። መጥረቢያውን አንሥቼ ከአጠገባችን ካለው ባሕር ዛፍ ልቈርጥ ወጣሁ። መምህራችን ከኋላዬ ደርሰው እጄን ያዙ። «አንደኛ፣ የሰው ንብረት ነው። ሁለተኛ፣ እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ አያሞቅህም። ለዛሬ ሌሊት የሚሆነው እንጨት ከብዙ ቀን በፊት የተቈረጠው ብቻ ነው» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልተለየኝም።

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌው ገበሬ በገል ፍም፣ በቅርጫትም ኩበት ይዘው መጡ። የከሰመውን ምድጃ አይተው «ያን ሁሉ እንጨት የት አደረሳችሁት ልጆቼ?» አሉን። የሚመልስ አልተገኘም። ኩበቱ ተቀጣጥሎ ጓደኛችን ሻይ ቀምሶ መናገር ሲጀምር ከእኔ ላይ ትልቅ ሸክም የወረደ ያህል ተሰማኝ። ሽማግሌው ግን ኩበቱን እያዩ «ይህ እንኳ ለእርሻዬ ነበር» አሉ። እውነት ነው፤ ለማገዶ የሄደ ኩበት ለመሬት አይተርፍም። እንጨት ሲጠፋ የሚነደው የእርሻው ብርታት ነው።

ጥቂት ቈይቶ የማገዶ ሸክም ያዘሉ ሴቶች በአጠገባችን ወደ ከተማው ሲወርዱ አየን። ከእነሱ አንዲቱ እናት ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ ልንረዳቸው ብንሞክር ሁለት ሆነን እንኳ በችግር አነሣነው። «እማማ፣ ከሩቅ ነው የሚያመጡት?» አልናቸው። «ልጅ ሆኜ ቅርብ ነበር። እንጨቱ ከዓመት ዓመት ይሸሻል፤ እኔ ደግሞ አረጃለሁ» ብለው ሸክማቸውን አዝለው ቍልቍለቱን ወረዱ።

እንጦጦ ለምን ተተወች?

በማግሥቱ ከእንጦጦ ማርያም ስንደርስ የመምህራችን ጥያቄ መልስ ለሁላችንም ተገልጦ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአንኮበር ወደዚህ አካባቢ ተሻግረው እንጦጦን መናገሻ አደረጓት። ስፍራው ከፍ ያለ ስለሆነ ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ የቀደሙት ነገሥታት ከተማ እንደ ነበረም ይነገርለት ነበር። ምኒልክ ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት የተባሉትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ያህል ክብር የነበራት ከተማ ናት እንግዲህ ሰው ጥሏት የወረደው።

ምክንያቱን ለመረዳት የእኛን ሌሊት ማስታወስ ይበቃል። ዐሥር ሰዎች በአንድ ምሽት አንድ ሸክም እንጨት ፈጀን። ነገር ግን መናገሻ ከተማ ማለት ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ አሽከሩና የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ነው። እንጀራ ይጋገራል፤ ወጥ ይሠራል፤ ጠጅ ይጣላል፤ ድግስ ይደገሳል። በዚያ ብርድ ደግሞ እሳት ቀንና ሌሊት አይጠፋም። ቤቱና አጥሩ ራሱ ከእንጨት ነው። በዚያን ጊዜ ተራራውን ያለበሱት ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የመሳሰሉት የአገር ዛፎች ነበሩ። እነዚህ ዛፎች በዝግታ ያድጋሉ፤ ጽድ ተቈርጦ ከጕቶው መልሶ አያቈጠቍጥም። አባት የቈረጠውን ልጁ አድጎ አያገኘውም።

ነገሩ በሒሳብም ይገለጣል። ከተማዋን የክብ መካከል እናድርጋት። በመጀመሪያው ዓመት እንጨቱ ከደጅ ይገኛል። የቅርቡ ሲያልቅ ለቃሚው ራቅ ይላል። ርቀቱ ዕጥፍ ሲሆን በክቡ ውስጥ የሚጠቃለለው ደን አራት ዕጥፍ ስለሚሆን እንጨቱ የተረፈ ይመስላል። ነገር ግን መንገዱም ዕጥፍ ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ሸክም ያመጣ የነበረው ሰው አሁን አንድ ብቻ ያመጣል። ርቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ሸካሚው በመንገድ የሚበላው ምግብና የሚያባክነው ቀን ከሸክሙ ዋጋ ጋር እኩል የሚሆንበት ጊዜ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ደኑ ባያልቅም ከተማዋ አልቃለች ማለት ነው። የማዕድን ከተማም የምትሞተው በዚሁ መንገድ ነው፤ የመጨረሻው የወርቅ ፍሬ እስኪወጣ የምትጠብቅ ከተማ የለችም።

ብርዱም፣ ነፋሱም፣ የውኃውም ችግር ተጨምሮ እንጦጦ መኖሪያነቷ ከበደ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ ከፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ቀስ በቀስም ሕዝቡ ወደ ታች ወረደ። ነገር ግን ችግሩም አብሮ ወረደ። አዲስ አበባም በበኩሏ በዙሪያዋ ያለውን ደን መጨረስ ስለ ጀመረች፣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ይህ ቢፈጸም ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ እንደ እንጦጦ ሁለትና ሦስት ቤተ ክርስቲያን የቀረባት የተተወች ከተማ በሆነች ነበር።

የባሕር ዛፍ ውለታና ዕዳው

ከተማችንን ከዚህ ዕጣ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። በጥቂት ዓመት ለማገዶና ለቤት ሥራ ይደርሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን ሲቈረጥ ከጕቶው ደጋግሞ ማቈጥቈጡ ነው። በዚህም ምክንያት ማገዶ እንደ ማዕድን የሚወጣ ሀብት መሆኑ ቀርቶ እንደ እህል የሚታጨድ ሀብት ሆነ። የከተማይቱ መዛወር ቀረ። በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይሁን እንጂ ውለታ ሁሉ ዕዳ አለው። ባሕር ዛፍ ውኃ ብዙ ይጠጣል። ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም፤ የወደቀውም ቅጠል ለማገዶ ስለሚጠረግ መሬቱ ራቍቱን ይቀራል። በመንገዳችን ላይ ክረምት የቦረቦራቸውን ፈረፈሮች አይተናል። አፈሩ ወደ ከተማው ወርዷል፤ ከላይ የቀረው ድንጋይ ነው። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ባለበት በዚህ ተራራ ላይ የአገር ዛፎችን መልሶ የመትከል ሥራ መያዙ የሚያስደስት ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት ዞረን ስናይ እጅግ አሰብሁ። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተለሰነ፣ ሣር የተከደነ ትሑት ቤት ነው። ጥበቃ ስለሚደረግለት ቆሟል። በዙሪያው የነበሩት እልፍ ጎጆዎች ግን የሉም። ትናንት ማታ የት እንዳደርን የሚያሳይ ምልክት ከአመድ በቀር እንደሌለ ሁሉ፣ የእነሱም ምልክት ጠፍቷል።

ማጠቃለያ

ወደ ከተማ ስንወርድ መምህራችን «እንግዲህ በእንጦጦ ምን ይወጣ ነበር?» ብለው ጠየቁን። «እንጨት!» ብለን መለስን። እሳቸውም «ታዲያ ማን ጨረሰው?» አሉ። የቀድሞዎቹን ሰዎች ለመውቀስ አፌን ከፍቼ ሳለ ያ የመጨረሻው ጕማጅ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። የእንጦጦ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ በርዷቸው ነበር። እኛ ግን እያወቅን ለጨዋታ አነደድነው።

በክፍላችን ተመካክረን በሚመጣው ክረምት፣ ባለመሬቱን አስፈቅደን ባደርንበት ስፍራ የጽድና የወይራ ችግኝ ለመትከል ወስነናል። ይህንኑ ሐሳብ ከመለያየታችን በፊት ለሽማግሌው ገበሬ ገልጸንላቸው ነበር። እሳቸውም «ጽድ ቶሎ አይደርስም፤ የምትሞቁት እናንተ አትሆኑም» አሉን። ጥቂት አሰብ አድርገው ደግሞ «ቢሆንም ትከሉ፤ ከብቶቼን እኔ እከለክላለሁ» ብለው ጨመሩ። ለዚህ ሥራ ጊዜና ጕልበት ያለው ተማሪ ሁሉ አብሮን እንዲመጣ በዚህ መጽሔት አማካይነት እንጋብዛለን። የራሱን ማገዶ ግን ይዞ ይምጣ።